«ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ የምዝገባ ሰሞን። የምሠራው በአንድ የግል ኮሌጅ የአይቲ ክፍል ውስጥ ነው። ሰርቨሮቹን የምንጠብቅ ሦስት ሰዎች ነን። ስልክ ማንሳት የእኔ ሥራ አይደለም። የዚያን ቀን ግን የሬጅስትራር ባልደረባችን ምሳ ወጥታ ነበር፤ ስልኩም አላርፍ ሲል ጊዜ አነሳሁት።

ከደብረ ብርሃን የሚደውሉ እናት ናቸው። ልጃቸው ገጠር አያቷ ጋ ስለሄደች የመመዝገቢያውን ፎርም እሳቸው በስልካቸው እየሞሉላት ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷን ከሳጥን ፈልገው አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የተጠሪ ስልክ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፉ። መሀል ላይ እንግዳ መጣባቸውና ቡና አፈሉ። ተመልሰው ጨረሱና «ላክ» የሚለውን ነኩት። ነጭ ገጽ መጣ። በቀይ፣ በትልቁ «ስህተት! ክፍለ ጊዜዎ አብቅቷል» ይላል። የጻፉት ሁሉ የለም።

«ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፉም እማማ፣ የእኛ ችግር ነው» አልኳቸው። እዚያው በስልክ እየጠየቅኳቸው ፎርሙን ሞላሁላቸው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። ያንን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ምሽት፣ ወደ ቤት ለመሄድ እየቸኮልኩ።

ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፍቼ አየሁ። ፎርሙን በከፈቱበትና «ላክ» ባሉበት መካከል 41 ደቂቃ አለ። የምዝገባ ሲስተማችን ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ነው። ፒኤችፒ ደግሞ ቅንብሩን ካልቀየሩት በቀር 1,440 ሰከንድ ያለፈውን ሴሽን (ሰርቨሩ ስለ አንድ ተጠቃሚ ለጊዜው የሚይዘውን ማስታወሻ) እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። 24 ደቂቃ መሆኑ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው 24 ደቂቃ እንደሞላ ወዲያው አለመሰረዙ ነው። ጽዳቱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ አንዱ 25 ደቂቃ ላይ ይጠፋበታል፤ ሌላው 40 ደቂቃ ቆይቶም ይሳካለታል። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚል ቅሬታ ለወራት ይደርሰን ነበር። እኛ ኔትወርክ ነው ብለን እናልፈዋለን።

በሌሎቹ የድረ ገጽ መሥሪያዎችም ያው ነው። ቶምካት ቅንብሩን ካልቀየሩት 30 ደቂቃ ይሰጣል። ላራቬል 120 ደቂቃ። ጃንጎ ሁለት ሳምንት። እነዚህን ቁጥሮች የመረጡ ሰዎች የእኛን ፎርም አላዩትም። መሙላቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ማን እንደሚሞላው፣ መሀል ላይ መብራት ሊሄድ እንደሚችል የምናውቀው እኛ ነን።

በዚያው ሳምንት አገልግሎቶቻችንን ቆጠርኩ። አምስት ናቸው፦ ምዝገባ፣ ክፍያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀድሞ ተማሪዎች ትራንስክሪፕት መጠየቂያ፣ እና የሞባይል መተግበሪያችን የሚያናግረው ኤፒአይ። አምስቱም ከአንድ ኢንጂንኤክስ (የሰውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደሚመለከተው ፕሮግራም የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ጀርባ ናቸው። አምስቱም ሲበላሹ የሚያሳዩት ያንኑ አንድ ፋይል ነው። ቀይ ጽሑፍ፣ የኮሌጁ አርማ፣ «ስህተት»፣ አበቃ።

ሁላችንም «ሲስተም የለም» የሚለውን አባባል እናውቀዋለን። መስኮቱ ጋ ተሰልፈህ ስትደርስ የምትሰማው ነው። ግን እዚያ ቢያንስ ሰው አለ። «መቼ ይመጣል?» ትለዋለህ። «ከሰዓት ሞክር» ይልሃል። ወረቀትህን ትጠይቃለህ፣ «እኔ ጋ ነው፣ አይጠፋም» ይልሃል። ድረ ገጽ ላይ ይህን የሚመልስ ሰው የለም። ገጹ ራሱ ነው መመለስ ያለበት። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚፈልገው ተማሪና ክፍያ የላከው አባት ደግሞ ጥያቄያቸው አንድ አይደለም።

ከቃላቱ ጀመርኩ። «ስህተት» የሚለውን አወጣሁት። በእኛ ቋንቋ ስህተት ባለቤት አለው። አንድ ሰው ተሳስቷል ማለት ነው። ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ምን አጥፍቼ ነው?» ማለታቸው ትክክል ነበር፤ ገጹ ያላቸው ያንኑ ነው። ጥፋቱ የእኛ ሲሆን አሁን ገጹ «ችግሩ ከእኛ ነው» ብሎ ይጀምራል። የሰውየው ሲሆን፣ ለምሳሌ አድራሻው ላይ ፊደል ሲሳሳት፣ «ይህን ገጽ ማግኘት አልቻልንም» ይበቃዋል።

«ክፍለ ጊዜ»ም ወጣ። ክፍለ ጊዜ ለእኛ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። አንዲት እናት «ክፍለ ጊዜዎ አብቅቷል» ስትባል የምዝገባው ቀን ያለፈባት ይመስላታል። እኚህ እናትም የመሰላቸው ያ ነበር፤ በኋላ ነግረውኛል። የተባለው ነገር በተራ አማርኛ ይህ ነው፦ «ለተወሰነ ደቂቃ ስላልነኩት ገጹ ለደህንነትዎ ተዘግቷል። እንደገና ይግቡ።» ረጅም ነው፤ ግን ይገባል።

አጠራሩም ቀላል አልነበረም። እንግሊዝኛው አንድ «አንተ» ይበቃዋል። የእኛው «ግባ» ሲል ሴቷን ይረሳል፣ «ግቢ» ሲል ወንዱን። ለወላጆችና ለክፍያ «ይግቡ» አልን። ለቤተ መጻሕፍቱ ግን «ይግቡ» ለ19 ዓመት ልጅ የባንክ ደብዳቤ ይመስላል። እዚያ «ግቡ፣ ፈልጉ፣ ሞክሩ» ብለን በብዙ ቁጥር ጻፍነው። ተማሪዎች እርስ በርስ ማስታወቂያ ሲለጥፉ የሚጽፉት እንደዚያ ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የክፍያው ገጽ ነው። የድሮው ገጽ ለሁሉም «እባክዎ ድጋሚ ይሞክሩ» ይል ነበር። ለቤተ መጻሕፍት ደህና ምክር ነው። ክፍያ ላይ ግን አደጋ ነው። ሰርቨር ከመልሱ ጋር ከሚልካቸው የቁጥር ኮዶች 504 የሚባለውን አስቡት። ኢንጂንኤክስ ከኋላው ያለውን ፕሮግራም ጠይቆ መልስ ሲጠብቅ ቆየና ተስፋ ቆረጠ ማለት ነው። ካልቀየሩት የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ነው። መልሱ አልደረሰም እንጂ ሥራው ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በዚህ ሰዓት «ድጋሚ ይሞክሩ» የምንለው ሰው ሁለቴ ይከፍላል። ከፍለውም ያውቃሉ። አንድ አባት የሴሚስተሩን ክፍያ ሁለቴ ልከው ለማስመለስ ሦስት ጊዜ ቢሯችን ድረስ ተመላልሰዋል። ገጻችን የነገራቸውን ነው ያደረጉት።

አሁን የክፍያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ክፍያዎ መድረሱን ገና አላረጋገጥንም። እባክዎ አሁን ድጋሚ አይክፈሉ። ከባንክዎ መልእክት ደርሶዎት እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከደረሰዎት አያጥፉት። ከታች ያለውን ቁጥር ይዘው ይደውሉልን።» ቁጥሩን የሚሰጠው ኢንጂንኤክስ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን መለያ ያወጣል። ርዝመቱ ግን 32 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ይህን በስልክ ማንም ማንበብ አይችልም። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ብቻ ወስደን በትልቁ አሳየን። ሰውየው ስድስቱን ሲያነብልን ሎጋችን ውስጥ እናገኘዋለን። «ስንት ሰዓት ላይ ነበር? በየትኛው ስልክ?» እያልን ማድረቅ ቀረ።

ወደ አሠራሩ ልግባ። ተመሳሳይ ሥራ የያዛችሁ ካላችሁ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳትገቡ።

ኢንጂንኤክስ ላይ «ኤረር ፔጅ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ለየትኛው ኮድ የትኛው ፋይል እንደሚቀርብ በእሱ ትነግሩታላችሁ። በየአገልግሎቱ የራሱን ስትጽፉ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ከላይ የጻፋችኋቸው የጋራ ገጾች ወደ ታች፣ ወደየአገልግሎቱ፣ የሚወረሱት ታች አንድም ኤረር ፔጅ ከሌለ ብቻ ነው። እኔ ለክፍያው 504ን ብቻ ጻፍኩና የጋራው 404 («አልተገኘም» የሚለው ኮድ) እንዳለ ይቀጥላል ብዬ ተውኩት። አልቀጠለም። ክፍያው ላይ 404 ሲመጣ ያ የኢንጂንኤክስ ጥሬ ገጽ ተመለሰ። ታች ላይ አንድ ከጻፋችሁ ሁሉንም እንደገና መጻፍ አለባችሁ።

ሁለተኛው፣ ከኋላ ያለው ፕሮግራም ሞቶ ከሆነ 502 የሚያወጣው ኢንጂንኤክስ ራሱ ነው፤ ገጻችሁም ይታያል። ፕሮግራሙ በሕይወት ኖሮ ራሱ 500 (ውስጤ ችግር አለ) ብሎ ከመለሰ ግን ኢንጂንኤክስ ያንን እንዳለ ያሳልፈዋል። የእናንተን ገጽ እንዲተካበት «ፕሮክሲ ኢንተርሴፕት ኤረርስ» የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አፓቼ የሚባለውን ሌላ ሰርቨር የምትጠቀሙ ከሆነ ተመሳሳዩ «ፕሮክሲ ኤረር ኦቨርራይድ» ይባላል።

እኔ ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ለአምስቱም አበራሁት። በማግስቱ የሞባይል መተግበሪያው ተበላሸ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤፒአዩ «እንዲህ ያለ ተማሪ የለም» ሲል 404 ይልና ምክንያቱን ጄሰን በሚባለው፣ ፕሮግራሞች በሚያነቡት አጻጻፍ ያብራራል። ኢንጂንኤክስ ያንን ወስዶ በቦታው የኔን ቆንጆ የአማርኛ ገጽ አስቀመጠ። መተግበሪያው ኤችቲኤምኤል፣ ድረ ገጽ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ማንበብ አያውቅም። ዝም ብሎ ተዘጋ። ኤፒአይ የሚያናግረው ፕሮግራምን ነው፤ ፕሮግራም የሚፈልገው ትክክለኛ ኮድና ጄሰን ነው። ሴሽኑ ሲያልቅም ወደ መግቢያ ገጽ መውሰድ ሳይሆን 401 (መጀመሪያ ግባ) መመለስ አለበት። ለኤፒአዩ ኢንተርሴፕቱን አጠፋሁለት።

ኮዱን ደግሞ አትዋሹበት። ድሮ የጻፍኩት ገጽ ችግር እያለ 200 ብሎ ይመልስ ነበር፤ ሁሉ ሰላም ነው እንደማለት። ሰርቨሩን የሚከታተልልን ፕሮግራም 200 ሲያይ ዝም አለ። አንድ እሑድ ምዝገባው ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ማንም አላወቀም። ለጥገና ስንዘጋም 503 (ለጊዜው አገልግሎት የለም) ነው የሚባለው፤ ከነመመለሻ ሰዓቱ። ሰው አማርኛውን ያንብብ፣ ማሽን ኮዱን።

ገጹ በራሱ የሚቆም መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ሲሞት ሲኤስኤሱም (የገጹን መልክ የሚወስነው ፋይል) አርማውም ከእሱ ጋር ይሞታሉ። ሁሉንም በአንድ ፋይል ውስጥ አስገባነው። ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ያንን ፋይል ላይ በሚያስቀምጠው ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ካልተናገራችሁ አንዳንዱ ብሮውዘር እያንዳንዱን ፊደል ሦስት የላቲን ምልክት አድርጎ ያሳየዋል። «ይቅርታ» ለማለት ብላችሁ ጉድ ታሳያላችሁ። ማወጃው ከፋይሉ የመጀመሪያ 1,024 ባይት ውስጥ ይሁን፤ ኢንጂንኤክስም ላይ ይጻፍ።

የትራንስክሪፕቱ አገልግሎት ሌላ ዓለም ነው። የሚጠቀሙት ብዙዎቹ ውጭ አገር ያሉ ናቸው፤ ዋሽንግተን፣ ዱባይ፣ ፍራንክፈርት። ጥገና የምናደርገው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው፤ እዚህ ሁሉም ተኝቷል። ዋሽንግተን ላይ ግን በበጋቸው ወራት ያኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሰው ከሥራ ተመልሶ፣ ራቱን በልቶ፣ «እስቲ ያን ወረቀት ልጠይቅ» ብሎ የሚቀመጥበት ሰዓት። የድሮው ገጽ «ከ8:00 እስከ 10:00 አገልግሎት የለም» ብቻ ይል ነበር። በየትኛው አቆጣጠር? የሌሊት ነው የቀን? በአዲስ አበባ ነው በሜሪላንድ? አሁን የጥገና ገጹ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፋል፤ ከሥሩም አንባቢው ካለበት ቦታ አንጻር «ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ ይመለሳል» ይላል። ቀሪው ጊዜ የትም ቢሆን አንድ ነው። ቋንቋውም አማርኛና እንግሊዝኛ ሆነ። ትራንስክሪፕቱን ለቀጣሪያቸው የሚጠይቁላቸው የውጭ ሰዎችም እዚያ ገጽ ላይ ይመጣሉ።

አሁን ወደ እኚያ እናት ልመለስ፤ ትልቁ ሥራ የሴሽኑ ነበር። ደቂቃውን ማርዘም ብቻ መልስ አይደለም። ኦዋስፕ የሚባለው የደህንነት ድርጅት ስሱ ለሆኑ ሲስተሞች ከ2 እስከ 5 ደቂቃ፣ ብዙ አደጋ ለሌላቸው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሳይነኩ ሲቆዩ ሴሽኑ እንዲዘጋ ይመክራል። ምክንያት አለው። ተማሪዎቻችን ኢንተርኔት ካፌ ይጠቀማሉ። አንዷ ሳትወጣ ብትሄድ ቀጣዩ ሰው ወንበሯ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ክፍያው 5 ደቂቃ ሆነ። ቤተ መጻሕፍቱ 30። ምዝገባው 60 ሆነ፤ ግን እዚያ ዋናው ለውጥ ሌላ ነው። ሰውየው የጻፈው ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ስልኩ ላይ ወይም ብሮውዘሩ ውስጥ አይደለም፤ ካፌው ኮምፒውተር ላይ እንዳይቀር።

የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው፣ ደብሊውካግ፣ ሊዘጋ ሲል ሰውን አስጠንቅቁ፣ በቀላሉ ማራዘሚያም ቢያንስ 20 ሰከንድ ስጡ ይላል። እኛ ሦስት ደቂቃ አደረግነው። ከታች በኩል «እዚህ አሉ? የጻፉት ተቀምጧል። ለመቀጠል ይህን ይንኩ» የሚል ብቅ ይላል። ተዘግቶ ከቆየም የመዝጊያው ገጽ የመጀመሪያ መስመር «የጻፉት አልጠፋም» ነው። ከዚያ በኋላ ነው ለምን እንደተዘጋ የሚያስረዳው። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚፈልገው ምክንያቱን አይደለም።

እንደገና ሲገቡም ወደ መነሻ ገጽ ሳይሆን ያቆሙበት ቦታ ይመለሳሉ። ይህን ስትሠሩ ተጠንቀቁ። የመመለሻ አድራሻው ሊንኩ ላይ ስለሚጻፍ፣ አጭበርባሪ የራሱን ድረ ገጽ እዚያ ሰክቶ የእናንተን መግቢያ መሸጋገሪያ ሊያደርገው ይችላል። የራሳችሁን ገጾች ብቻ ተቀበሉ። በሁለት ስላሽ (//) የሚጀምረውንም እምቢ በሉ፤ የቤት ይመስላል እንጂ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው።

ጽሑፎቹን የፈተንኩት ወረቀት ላይ አትሜ ነው። ቢሯችን ቡና የሚያፈሉልን እናት አሉ። የመጀመሪያውን 404 ሰጠኋቸው። «የጠየቁት ገጽ አልተገኘም» ይላል። አነበቡና «እሺ፣ ታዲያ እኔ አሁን ምን ላድርግ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቢያንስ አንድ ቀጣይ እርምጃ አለ፤ ሊንክ ወይም ስልክ ቁጥር። ስልክ ቁጥሩም የየአገልግሎቱ ነው። የክፍያው ወደ ሒሳብ ክፍል፣ የምዝገባው ወደ ሬጅስትራር ይደውላል። ድሮ ሁሉም የሚደውለው አንድ መስመር ላይ ነበር፤ እሱም ምሳ ሰዓት ማንም አያነሳውም።

የቀረኝ ብዙ ነው። የኦሮምኛው ጽሑፍ ገና በባልደረባዬ እጅ ነው፤ የትግርኛውን የሚያይልን ሰው እየፈለግኩ ነው። የሁለቱንም ከአማርኛው ገልብጠን ሳይሆን ተናጋሪው ራሱ ከመጀመሪያው እንዲጽፈው ነው የፈለግነው። «ሴሽን» ለሚለውም እስካሁን አንድ ቃል አላገኘሁም፤ በየገጹ በዓረፍተ ነገር እያብራራሁ ነው የምዘልቀው። «ቆይታ» ይሆን እያልኩ ነው። «ቆይታዎ አልቋል» ግን ውጡ ማለት ይመስልብኛል። የተሻለ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የመስከረሙ ተጨማሪ ምዝገባ ሳይጀመር ላስገባው እፈልጋለሁ።